ጥላ የነሳኋት ወፍ

ሰው ሲያናግረኝ ቃል ከማውጣት ይልቅ ራሴን መነቅነቅ የሚቀናኝ ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ዘሃራ አዋሽ ሰባት ላይ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያርፉበት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከከሚሴ ስመጣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው አስተናግዳለሁ። ሾፌሮቹ «ድምፅሽን ወሎ ረስተሽው ነው የመጣሽው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አክስቴ ግን «ጨዋ ናት፤ ቃል አይወጣትም» እያለች ለሰው ሁሉ በኩራት ታወራልኝ ነበር። ዝምታዬ ማንንም የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር። ሲጎዳ ያየሁበትን ቀን ነው የምነግራችሁ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

በከተማችን የወፍ ተመልካቾች ክበብ አለ። አባላቱ አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ አንድ ሁለት የባንክ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሊነጋጋ ሲል እኛ ጋ ተሰብስበው ሻይ በዳቦ ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ወደ ገደሉ አፋፍ ወይም ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ተመልሰው ፍርፍር ያዛሉ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ታምራት ይባላሉ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ባዮሎጂ ሊያስተምሩ ወደ አዋሽ ከተዛወሩ ያኔ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። አንድ ቀን አክስቴ «ውሃና ዳቦ የምትይዝላችሁ ልጅ ልስጣችሁ» ብላ እኔን አስከተለቻቸው። ወፍ ማየት የጀመርኩት እንደዚያ ነው።

ዓይኔ ጥሩ ነበር። እነሱ የሩቅ ማያ መነፅሩን ሲቀባበሉ እኔ በባዶ ዓይኔ ቀድሜ አየዋለሁ፤ መናገሩ ስለሚያሳፍረኝ ግን በአገጬ ነበር የማሳያቸው። ክበቡ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አለው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሁለት አባላት በዓይናቸው ያላዩት ነገር አይጻፍም። አባል ለመሆን ደግሞ አሥረኛ ክፍል መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የእኔ ዓይን አይቆጠርም ነበር። አንድ ጊዜ ግራር ላይ የተኛ ጉጉት አሳየኋቸውና ሌሎቹ ሳይደርሱ በረረ። ያየነው እኔና ሲስተር ሄለን የምትባለው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብቻ ነበርን። «እኔ አየሁ፣ ሰዓዳ አየች፤ እንግዲህ አንድ ዓይን ከሩብ ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስሜ እዚያ መዝገብ ላይ ተጽፎ የማየት ምኞት ያደረብኝ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ወፏን ያገኘኋት ሚያዝያ ውስጥ ነው። ወደ አዋሽ አርባ መውጫው ላይ የጭነት መኪኖች የሚታጠቡበት ላቫጆ አለ፤ ለሠራተኞቹ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አደርስ ነበር። ከላቫጆው ጀርባ አንድ ዛፍ የሌለበት ጠጠራማ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ሳህኖቹን ይዤ ስመለስ አንዲት ረዥም እግር ያላት፣ ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጀርባዋ አፈር የመሰለ ወፍ ጠጠሩ ላይ ቆማ አየሁ። እግሮቿን ከፈት፣ ክንፎቿን ዘርጋ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ከሆዷ በታች ሦስት እንቁላሎች ነበሩ። ጎጆ የሚባል ነገር የላቸውም፤ መሬት ላይ ነው የተቀመጡት፤ ራሳቸው ጠጠር ይመስላሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አየኋት። በዚያ ሰዓት እንቁላሏን አትታቀፍም፤ ጥላ ትሆንለታለች። ባሏ ከላቫጆው በሚፈሰው ውሃ ሆዱን ነክሮ እየሮጠ ይመጣል። እሷ ስትነሳ እሱ ይተካና እርጥብ ሆዱን እንቁላሎቹ ላይ ያስነካል። ከዚያ እሷ ሄዳ ትነከራለች። አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይለቅም። ጠጠሩን ነክቼው ነበር፤ እጅ ያቃጥላል። ከክበቡ ሰው ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እነሱ ወፍ የሚያዩት ገና ቀዝቀዝ ባለበት በማለዳ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ታምራት ለአባላቱ የምሥራች ነገሩ። ሰመራ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ሥራችንን ካዩና ካመኑበት ለክበቡ መነፅርና ቢሮ ይሰጣሉ አሉ። እንቁላል ያለበት ጎጆ ብናሳያቸው ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ችግሩ ክበቡ አንድም ጎጆ መዝግቦ አያውቅም። እኔ ዳቦ እያቀረብኩ ነበር። «እኔ አውቃለሁ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት።

ጋሽ ታምራት ዞር ብለው አዩኝ። «ጎጆ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ካሳየሽን ስምሽን በገዛ እጄ መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ» አሉ። «ክፍል አልጠይቅሽም።»

እንግዶቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ገዋኔ አድረው፣ ጠዋት ጎማ ፈንድቶባቸው ሲያስጠግኑ ቆይተው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። አራት ነበሩ፤ አለቃቸው አቶ ደረጀ የሚባሉ፣ ከደጋ አገር በቅርብ ወደ ሰመራ የተዛወሩ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ከክበቡ ሰዎች ጋር አሥራ አንድ ሆነን ወደ ላቫጆው ሄድን። በልቤ አይተው ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ።

ስንቀርብ ወፏ ተነሳች። ጥቂት ሮጣ አንድ ክንፏን እንደተሰበረ አድርጋ መሬት ለመሬት እየጎተተች ትጮህ ጀመር። ሰው ከእንቁላሉ ዞሮ እንዲከተላት ነው እንዲህ የምታደርገው። አንዱ የባንክ ልጅ «ይቺማ ተዋናይ ናት» አለ፤ ተሳሳቁና ቪዲዮ ቀረጿት። ከዚያ ሁሉም እንቁላሎቹን ከበቡ። ፀሐይዋ መክረር ስትጀምር ሲስተር ሄለን ጃንጥላዋን ሰጠችኝና «ለእንግዳው ያዥላቸው» አለችኝ። ከአቶ ደረጀ ኋላ ቆሜ ያዝኩላቸው።

አቶ ደረጀ አንዱን እንቁላል አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ፊታቸው በራ። «ይጮኻል እኮ። ከውስጥ ይጮኻል» አሉ። እንቁላሉ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ ዞረ። ጋሽ ታምራት ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «ጫጩቱ ሊወጣ ነው! ከታደልን ዛሬውኑ በካሜራ እንይዘዋለን» አሉ። ስለዚህ ለመጠበቅ ተወሰነ። እንቁላሉን ወደ ቦታው መለሱት፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆሙት፤ ዙሪያውን ተቀመጡ።

አቶ ደረጀ ልባቸው ሳይነግራቸው አልቀረም። «እናቲቱን አላስቸገርናትም ወይ? እንቁላሉ አይበርድም?» ብለው ጠየቁ።

«ደጋ ቢሆን ልክ ነዎት» አሉ ጋሽ ታምራት። «እኛ አገር ዶሮ ግማሽ ሰዓት ከተነሳች እንቁላሉ አለቀለት። እዚህ ግን ምን ይበርዳል? ፀሐይዋ ራሷ ትታቀፍላታለች።»

ሁሉም ሳቁ። አነጋገራቸው ደስ ይል ነበር። እኔ ብቻ ጃንጥላውን ይዤ ወፏን አያለሁ። ባሏ ሆዱን ነክሮ መጣ፤ ሰው ሲያይ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሆዱ እስኪደርቅ ቆሞ ተመልሶ ሊነከር ሮጠ። እንደዚህ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ቆጥሬዋለሁ።

የጃንጥላዬ ጥላ ያረፈው ከእንቁላሎቹ ግማሽ እርምጃ ላይ ነበር። እጄን ትንሽ አዘነበልኩት። ጥላው ጠጠሩ ላይ እየተሳበ ሄዶ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁለቱን ሸፈነ። ሦስተኛው ሊሸፈን ሲል ጋሽ ታምራት ከካሜራው ቀና አሉ።

«ሰዓዳ፣ አጠላሽበት። ወደዚህ አድርጊው።»

ወደዚያ አደረግሁት። በገዛ እጄ ጥላውን ከእንቁላሎቹ ላይ አነሳሁት።

አምስት ሰዓት ሲያልፍ አንዲት የአፋር ሴት ከላቫጆው በጄሪካን ውሃ ቀድታ በአጠገባችን ስታልፍ ቆመች። እንቁላሎቹን አየች፤ እኛን አየች። በተሰባበረ አማርኛ «ልትበሉ ነው? በስሏል» አለች። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ ሲስተር ሄለን «ጨው አልያዝንም በያት» አለች። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ጄሪካኗን አስተካክላ ስትሄድ እኔን ነው ያየችኝ፤ ጃንጥላውን የያዝኩትን።

ያኔ ለመናገር ቆረጥኩ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ አዘጋጀሁት፤ «ወፏ ለእንቁላሉ ጥላ ናት፤ ከቆየን ይሞታል።» ይኸው ነው። «ጋሽ ታምራት» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ» አሉኝ።

አሥሩም ዞሩ። ካሜራው ጋ የነበረው እንግዳ ወደ እኔ አዞረው። ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

«ውሃ ላምጣ?»

«አምጪ እንጂ፣ ለዚህ ነው የጮኽሽው?» አለ የባንኩ ልጅ፤ እንደገና ተሳቀ። ውሃ አመጣሁላቸው። ጠጡ። የቀረውን አንዱ ፊቱን ታጠበበትና ጠጠሩ ላይ ደፋው፤ ወዲያው ደረቀ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንግዶቹ ደከማቸው። ጫጩቱ አልወጣም። አቶ ደረጀ «በሰላም አሉ ግን?» ሲሉ ጋሽ ታምራት ሌላ እንቁላል አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት። «ያገኘችው እሷ ናት፤ እሷ ታዳምጥ። ለፎቶም ይሆናል» አሉ። ጃንጥላውን ሲስተር ሄለን ተቀበለችኝ።

እንቁላሉ መዳፌን አቃጠለኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም አልነበረም። የላቫጆው ሞተር ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ ወፏ ከሩቅ ስትጮህ ይሰማኛል፣ እንቁላሉ ውስጥ ግን ምንም።

«ይሰማል?» አሉ ጋሽ ታምራት።

ሁሉም ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። መዝገቡ በእጃቸው ነው፤ እስክሪብቶው ተከፍቷል። ራሴን ነቀነቅሁ። ካሜራው ጠቅ አለ፤ አጨበጨቡልኝ።

ስሜን እዚያው፣ እኔ እያየሁ ጻፉት። ሰዓዳ። ሦስት እንቁላል፣ በሕይወት። ከሥሩ ሁለት አባላት ፈረሙ።

መኪኖቹ ሲሄዱ ወፏ ወዲያው ተመለሰች። ሆዷን ነክራ ስለነበር ውሃው ይንጠባጠባል። ሦስቱን በመንቁሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አስተካከለቻቸውና እግሯን ከፍታ ጥላዋን አለበሰቻቸው። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ ምሳ ሳደርስ ቆማ ነበር። ሰኞም ቆማ ነበር። ጫጩቱ ሊወጣ ነው ተብሎ የነበረውን እናንተም ታስታውሳላችሁ፤ እኔም ምናልባት ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል፣ አንዱ እንኳ ይተርፋል እያልኩ አላህን ስለምን ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ጉንዳኖች አንዱን እንቁላል ሲዞሩት አየሁ፤ ወፏ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች።

ማክሰኞ ሰመራ ተጠራን። ክበቡ ዕውቅና ሊሰጠው ነው፤ አቶ ደረጀ ልጅቷም ትምጣ ብለው ነበር። አክስቴ አዲስ ሻርፕ ገዝታ አለበሰችኝ፤ «ማሻአላህ፣ የእኔ ልጅ ሰመራ ተጋበዘች» እያለች እስከ መኪናው ሸኘችኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣ ነበር፤ በሕይወቴ በርዶኝ የሚያውቀው ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ። ጋሽ ታምራት ፎቶዎችን ግድግዳው ላይ እያበሩ አስረዱ። በመጨረሻ የእኔ ፎቶ መጣ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። እንቁላሉን ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ፤ ፈገግ ብያለሁ። ሰው አጨበጨበ። አቶ ደረጀ እጃቸውን አወጡና «ለመሆኑ ስንቱ ተፈለፈለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ታምራት ሳቅ አሉ። «ይህንንማ ባለቤቷ ትንገራችሁ። በይ ተነሺ፣ ሰዓዳ።»

ራስ በመነቅነቅ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ስንት ነው ያሉት። ተነሳሁ።

«ምንም» አልኩ። «ሦስቱም ሞተዋል። ፀሐይ ነው የገደላቸው፤ እኛ እናታቸውን አስነስተናት። እዚያ ፎቶ ላይ ሳለሁም ሞተው ነበር። ምንም አልሰማሁም። ወላሂ፣ ይሰማል ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ጋሽ ታምራት ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። እንዲያውም በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ልጃችን ዓይናፋር ናት። ሰው ፊት ስትቆም ይደነጋገራታል፤ ከስድስተኛ ክፍል በላይም አልተማረችም። የክበባችን ደንብ ግን ግልጽ ነው። ሁለት ዓይን ያላየው አይመዘገብም። እንቁላሎቹ ሞተው ያየ ሌላ አባል አለ?»

ሲስተር ሄለን ስልኳን አየች። የባንኩ ልጅ ጫማውን አየ። ከቅዳሜ ወዲህ ወደ ሜዳው የሄደ ማንም አልነበረም።

«እንቀጥል» አሉ ጋሽ ታምራት፤ የሚቀጥለው ፎቶ መጣ። አቶ ደረጀ ለጥቂት ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዕውቅናው ተሰጠ፤ መነፅሮቹም ተሰጡ።

ስንመለስ ገዋኔ ላይ ቆምን። እዚያ ሻይ ስንጠጣ ሲስተር ሄለን አጠገቤ ተቀመጠች። ትመክረኝ እንደሆነ ብዬ ቀና አልኩ። «ዝም ማለት ታውቂ አልነበር?» አለችኝ። «ዛሬ ምን ነካሽ?» ሻዬን ትቼ ተነሳሁ። ጋሽ ታምራትን ግን ከመኪናው ስወርድ ለመንኳቸው፤ ስሜን ሰርዙልኝ አልኳቸው። «በእስክሪብቶ የተጻፈ አይሰረዝም» አሉኝ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃውን ሌላ ሰው ይይዝልናል።»

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አድርሼ ወደ ሜዳው ሄድኩ። አምስተኛ ቀኗ ነው። ቆማለች። ደረቷ ቀጥኗል፤ ከአፏ ጥግ አረፋ የመሰለ ነገር ወጥቶ ደርቋል። ባሏ የለም፤ መቼ እንደተዋት አላውቅም፤ ስለዚህ ለመነከርም መሄድ ትታ ነበር። ሽታው ከአምስት እርምጃ ይሰማል። እንዲህ እንደቆመች ልትሞት እንደምትችል ገባኝ።

ተጠጋሁ። ተነሳችና ክንፏን መጎተት ጀመረች። ለእኔ። አቅም ስላልነበራት ክንፏ እውነት የተሰበረ ይመስል ነበር። ጎንበስ ብዬ እንቁላሎቹን ወደ ምሳው ሳህን አነሳኋቸው። አንዱ እጄ ላይ ፈረሰ። ጫጩቱ ላባ ነበረው፤ መንቁሩ ጫፍ ላይ ልጣጩን የሚሰብርበት ነጭ ነጥብ ነበረችው። ራቅ አድርጌ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳቸው። ስዞር ወፏ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ባዶውን ጠጠር አየችው። ከዚያ እግሯን ከፈት፣ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ቆመችበት።

ሐሙስ ሳልፍ አልነበረችም። ወዴት እንደሄደች አላውቅም፤ በደግ እንዳስበው ትፈቅዱልኛላችሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ጋሽ ታምራትን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንድታስቡብኝ አልፈልግም። እሳቸው የማያውቁትን ነው ያልተናገሩት። እኔ አውቅ ነበር። አሥር ሰው ከቧት ሳለ ምን እየሆነ እንዳለ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጃንጥላውንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰመራ ላይ የተናገርኩት ለወፏ ምንም አልጠቀማትም፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣ ድፍረት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋ ናት ሲሉኝ ያ ጃንጥላ ነው የሚታየኝ። ልጆቻችሁን ዝም ስላሉ ብቻ የምታመሰግኑ ካላችሁ፣ ዝም ያሉት ምን እያወቁ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቋቸው።

ያን ፎቶ ክበቡ በፍሬም አድርጎ ለአክስቴ ሰጣት። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀለችው። እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ «ቢሆንም ቆንጆ ወጥተሽበታል» ብላ አላወርድም አለች። ሾፌሮች ምግብ እስኪደርስ ያዩትና ይጠሩኛል፤ «ምን እያዳመጥሽ ነው?» ይሉኛል። የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ምንም እንዳልሰማሁ፣ ለምን እንዳልሰማሁ፣ ጃንጥላውን ማን እንደያዘ፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ መብላቱን ያቆማል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሳልነግራቸው አልሄድም።